ባዶ ፒክአፕና የጫነ ፒክአፕ እኩል ንፋስ አይሞሉም

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ሜክሲኮ አካባቢ ትንሽ ዳቦ ቤት አለችኝ። የምነዳው ደብል ካብ ፒክአፕ ነው፣ ጎማው 265/65አር17። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከተማ ውስጥ ዳቦ አደርሳለሁ። ቅዳሜ አዳማ ሄጄ 8 ኩንታል ዱቄት ጭኜ እመለሳለሁ። ተክለ ሃይማኖት ያለ ጎሚስታ አራቱንም ጎማ 45 ይሞላልኛል። ወንድሜ 30 ይበቃል ይላል። ጎማው ላይ ደግሞ 51 ተጽፏል። በሩ ጋ ያለው ስቲከር ፊት 200፣ ኋላ 200 ይልና ከታች ደግሞ ኋላ 240 ይላል፤ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። የቱን ልከተል?»

እህቴ፣ ከነገሩሽ ሁሉ ለልኩ የሚቀርበው የወንድምሽ ነው። እሱም ቢሆን የሚያዋጣው መኪናዋ ባዶ ስትሆን ብቻ ነው። ትክክለኛው መልስ አልገባኝም ያልሽው ስቲከር ላይ አለ።

200 እና 240 ኪሎፓስካል ናቸው። ለ6.9 አካፍያቸው፣ ፒኤስአይ ይሆኑልሻል። 200 ወደ 29፣ 240 ወደ 35። ጎሚስታው «ስንት ልሙላ?» ሲልሽ የሚጠይቅሽ በፒኤስአይ ነው። አንዳንድ መለኪያ በባር ነው፤ 2 ባር ማለት 29፣ 2.4 ባር ማለት 35 ነው። ስለዚህ የአንቺ ስቲከር የሚለው ይሄን ነው፦ ፊት ሁልጊዜ 29፣ ኋላ ባዶ ስትሆን 29፣ ስትጭኚ 35። በቃ። ሌላ የሚያነብ ሰው ካለ ግን እነዚህን ቁጥሮች ገልብጦ እንዳይሄድ፤ ሀይሉክስ፣ ዲማክስ፣ ሬንጀር ሁሉም የየራሳቸው ቁጥር አላቸው፣ አንድ ዓይነት መኪና ራሱ እንደ ጎማው መጠን ይለያያል። ሁሉም የራሱን በር ከፍቶ ይይ።

51ዱ ደግሞ ጎማው ሲቀዘቅዝ ሊሞላበት የሚችለው የመጨረሻው ጣሪያ ነው። ጎማውን የሠራው ፋብሪካ ጎማው የማን መኪና ላይ እንደሚገባ አያውቅም፣ አንቺ ስንት ኩንታል እንደምትጭኚም አያውቅም። ስለዚህ «ከዚህ አትለፉ» ብሎ ጻፈ። ይሄን ያህል ሙሉ አላለም። በየጎሚስታው ደጃፍ በጣም የተለመደው ስህተት ይሄ ነው፣ ሰዉ ጎማው ጎን ላይ ያነበበውን ቁጥር የታዘዘለት ይመስለዋል።

ጎሚስታው 45 የሚሞላው ሊጎዳሽ ብሎ አይደለም። የሱ ሒሳብ ሌላ ነው። ንፋስ አንሶበት የተጎዳ ጎማ ተመልሶ ይመጣበታል፣ ደንበኛው ይጮህበታል። ንፋስ የበዛበት ጎማ ግን ቀስ ብሎ መሃል መሃሉን ይበላል እንጂ ማንም ተመልሶ አይጮህም። ቀኑን ሙሉ ሚኒባስና አይሱዙ ሲሞላ ስለሚውልም እጁ ጠንካራ ለምዷል። «ፒክአፕ ጭነት መኪና ነው፣ ጠንከር ይበልልሽ» ይልሻል። ፒክአፕ ጭነት መኪና የሚሆነው ግን ሲጭን ነው። ባዶ ሲሆን ኋላው ከፊቱ የቀለለ ነው፤ ሞተሩም ጋቢናውም ሰዎቹም ክብደታቸው ወደ ፊት ነው፣ ኋላ ያለው ባዶ ካሶኒ ነው፣ ከሥሩ ያለው ባሌስትራ ደግሞ አንድ ቶን ገደማ እንዲሸከም ተብሎ የተሠራ ደረቅ ብረት ነው። እዚያ ላይ 45 ስትጨምሪበት ኋላው መሬት መያዝ ያቅተዋል።

ክረምት ላይ ከፒያሳ በቸርችል ወደ ለገሃር ስትወርጂ ልብ ብለሽ እይው። መንገዱ ቁልቁል ነው፣ አስፋልቱ እርጥብ ነው፣ ፊትሽ ያለው ታክሲ እንደ ልማዱ ድንገት ይቆማል። ፍሬን ስትይዢ የመኪናዋ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፣ ቀድሞውንም ቀላል የነበረው ኋላ የባሰ ይቀላል። ጎማው ደግሞ በንፋስ ተወጥሮ አስፋልቱን የሚነካው በመሃሉ ብቻ ነው። ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤቢኤስ ከሌላት የኋላው ጎማ ይቆለፍና ቂጧ ወደ ጎን ይሸሻል። ኮብልስቶን ላይም እንደዚያው ነው፣ ትዘላለች። የሚዘል ጎማ በዘለለባት ቅጽበት ፍሬንም አይሠራለት፣ መሪም አይሠራለት። ጉድጓድና የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ሲመታ የጎማው ክር የሚበጠሰውና ጎኑ ላይ እብጠት የሚያወጣውም እንዲህ የተወጠረ ጊዜ በቀላሉ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። መኪናውን የሚሸከመው ላስቲኩ አይደለም፣ ውስጡ ያለው ንፋስ ነው። ላስቲኩ ንፋሱን የሚይዝ ከረጢት ነው። ክብደት ሲጨመር ወይ ንፋሱ ይጨመራል፣ ወይ ጎማው ይተኛል። የተኛ ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ጎኑ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። በዚህ መተጣጠፍ ይግላል፣ ሙቀቱ ደግሞ ላስቲኩን ከውስጡ ካለው ክርና ሽቦ ያላቅቀዋል። ከተማ ውስጥ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይሄ ብዙ አይታወቅሽም። የአዳማው ፍጥነት መንገድ ላይ በ100 ስትነጂ፣ 8 ኩንታል ተጭኖ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ ያኔ ነው ጎማ የሚፈነዳው። ሰው «ጎማው ሞቆ ፈነዳ፣ ንፋስ በዝቶበት ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ ንፋስ አንሶት ነው የሞቀው።

8 ኩንታል ማለት 800 ኪሎ ነው። አንቺና ረዳትሽ ስትጨመሩ ከ900 ኪሎ በላይ ሆናችሁ ማለት ነው። ሊብሬሽ ላይ ያለውን የመጫን አቅም እይው፣ የብዙ ደብል ካብ አቅም አንድ ቶን አካባቢ ነው፣ እዚያ ውስጥ ሰውም ይቆጠራል። ስለዚህ አንቺ ቅዳሜ ቅዳሜ «ትንሽ ዕቃ» አይደለም የምትጭኚው፣ ወደ ጣሪያው እየተጠጋሽ ነው። ከዱቄቱ አብዛኛው ክብደት የሚያርፈው ኋለኛው አክስል ላይ ነው፣ ለዚህ ነው ስቲከሩ የፊቱን ሳይነካ የኋላውን ብቻ ከፍ የሚያደርገው። «ልጭን ነው» ስትይ አራቱንም የሚጨምርልሽ ጎሚስታ እዚህ ጋ ይሳሳታል። ጆንያዎቹን መጀመሪያ ጋቢናውን አስጠግተሽ አስደርድሪ። ወደ ኋላ በር ከተከመሩ ከአክስሉ ጀርባ ይሆኑና የፊቱን ወደ ላይ ያነሱታል፣ መሪው ይቀልሻል፣ ምንም ንፋስ ይሄን አያስተካክልም።

ታዲያ ቅዳሜ እንዴት ታድርጊ? ጠዋት ከመነሳትሽ በፊት፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ የኋላውን 35 አድርጊ። ሳይሞቅ ስል ቢያንስ 3 ሰዓት የቆመ፣ ወይም ከቤት ተነስቶ ቀስ እያለ ከሁለት ኪሎ ሜትር ያልበለጠ የሄደ ማለቴ ነው። ከሜክሲኮ ተክለ ሃይማኖት ድረስ ብትሄጂ ችግር የለውም፣ ቅርብ ነው። አዳማ ደርሰሽ ጎማው ግሎ ሳለ ለመሙላት ከሞከርሽ ግን ትክክለኛውን ቁጥር አታገኚውም። ስትሄጂ ባዶ ሆነሽ ኋላ 35 መሆኑ ትንሽ ያንገጫግጭሻል፣ ይሁን፣ ለአንድ ጉዞ ምንም አይልም። ጭነሽ ከምትመለሺበት 29 ይልቅ ባዶ ሆነሽ የምትሄጂበት 35 በብዙ ይሻላል።

አንድ ነገር በጣም አደራ። አዳማ ስትደርሺ ብትለኪው 35 የነበረው 39 ወይም 40 ሆኖ ታገኚዋለሽ። አትደንግጪ፣ አታስቀንሺም። መንገድ ላይ የሚያገኝሽ ሁሉ «ሞቋል፣ ትንሽ እናስተንፍስለት» ይልሻል። የስቲከሩ ቁጥር የቀዝቃዛ ጎማ ቁጥር ነው፣ ሲሞቅ እንደሚጨምር ታስቦ የተጻፈ ነው። ሞቆ ሳለ ወደ 35 ካወረድሽው፣ ማታ ሲቀዘቅዝ 30 ገደማ ሆኖ ይገኛል፣ አንቺ ደግሞ በዚያው ዱቄት ጭነሽ ተመልሰሻል። በሙቀት የሚመጣው ጭማሪ ከ10 እስከ 15 በመቶ ከሆነ ጤነኛ ነው። ከዚያ በጣም ካለፈ፣ ለምሳሌ 35 የነበረው 44 ከደረሰ፣ ይሄ ጎማው ከመጠን በላይ እየተጣጠፈ መሆኑን የሚነግርሽ ምልክት ነው። ወይ ሲነሳ ንፋሱ አንሷል፣ ወይ ጭነቱ በዝቷል፣ ወይ ፍጥነትሽ። መፍትሔው ጥላ ስር አቁሞ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ጭነቱን ወይ ፍጥነቱን መቀነስ ነው። ንፋስ ማስተንፈስ አይደለም። ግድ ሆኖብሽ በሞቀ ጎማ ላይ መሙላት ካለብሽ ደግሞ ከስቲከሩ 4 ፒኤስአይ ያህል ጨምረሽ ሙዪ፣ ሲቀዘቅዝ ወደ ልኩ ይመጣል።

ከፍታውን አንስቶ «አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቀንሰሽ ሙዪ» የሚልሽም አይጠፋም። እውነት አለው፣ ግን ከዚያ የሚደርስበት ድምዳሜ ትክክል አይደለም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የውጭው አየር ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ 14.7 ፒኤስአይ ሲሆን እዚህ 11 አካባቢ ነው። የጎሚስታው መለኪያ የሚያነበው ግን ውስጡ ካለው የውጩ ተቀንሶ የሚቀረውን ነው፣ ጎማውን የሚወጥረውና ጭነቱን የሚሸከመውም ያው ልዩነት ነው። ስለዚህ ያለሽበት ቦታ ላይ መለኪያው 35 ካለ፣ 35 ነው። የሚቀነስ የለም፣ የሚጨመር የለም።

ከፍታው የሚታወቀው ከአንዱ ቦታ ሞልተሽ ሌላ ቦታ ስትለኪ ነው። አዳማ ከኛ ወደ 700 ሜትር ዝቅ ትላለች፣ በዚህ ምክንያት ብቻ መለኪያሽ 1 ፒኤስአይ ገደማ ይቀንሳል። ሙቀቱ ደግሞ መልሶ ይጨምርልሻል፣ በየ10 ዲግሪው ከ1 እስከ 1 ተኩል ያህል። ስለዚህ ይጣፋሉ። እስከ አዋሽ ብትወርጂም እንደዚያው ነው፣ ከፍታው 2 ያህል ይወስዳል፣ ቆላው ሙቀት 2 ያህል ይመልሳል። ለመንገዱ ብለሽ መነካካት አያስፈልግሽም። ይልቅ ይሄ የሙቀት ነገር እዚሁ ከተማ ውስጥ ይበልጥ ያሳስትሻል። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ ነው፣ ከሰዓት ፀሐዩ ያቃጥላል። ጠዋት 27 የሚል ጎማ ከሰዓት ፀሐይ ላይ ቆሞ ብቻ 29 ይላል። ምንም ሳይነዳ ማለት ነው። ስለዚህ የምትለኪው ሁልጊዜ ጠዋት ይሁን።

የሥራ ቀኑስ? ዳቦ ከነሳጥኑ ቀላል ነው፣ ምናልባት ሁለት ኩንታል ቢሆን ነው። ስቲከሩ መሃል ላይ ቁጥር አይሰጥሽም፣ ግን ባዶው 29፣ ሙሉው 35 ከሆነ መሃሉን መገመት አያቅትም። እኔ ብሆን ፊት 29፣ ኋላ 31 አድርጌ ሳምንቱን እሠራበታለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ኋላውን 35፣ ሰኞ ጠዋት ደግሞ መልሼ 31። በየሳምንቱ ይሄን ማድረግ እንደሚያሰለች ይገባኛል። ቢያንስ ወደ ላይ መጨመሩን አትዝለይው፣ መቀነሱን ብትረሺ የምትከፍዪው ምቾትና ትንሽ የጎማ ጥርስ ነው፣ መጨመሩን ብትረሺ ግን ፍጥነት መንገድ ላይ ጎማ ነው የምትከፍዪው።

ይሄ ሁሉ የሚሠራው ጎማው መኪናዋ ስትመጣ ከነበራት ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ነው። መርካቶ ጎማ ተራ ገብተሽ «ጠንካራውን ስጠኝ» ብለሽ የጭነት ጎማ ከገዛሽ፣ መጠኑ ያው ሆኖ ንፋሱ ይለያል። ጎኑን አንብቢው። ከመጠኑ በኋላ 112 የሚል ካለ አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፣ ከሙሉ ንፋሱ ጋር። ከመጠኑ መጨረሻ የእንግሊዝኛ «ሲ» ፊደል ካለበት፣ ወይም ከመጠኑ በፊት «ኤልቲ» ካለበት ግን የጭነት መኪና ጎማ ነው። እነዚህ ጎማዎች ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከተራው ጎማ የበለጠ ንፋስ ይፈልጋሉ። ሰው የሚያስበው በተቃራኒው ነው፤ ጎማው ወፍራም ስለሆነ ትንሽ ንፋስ ይበቃዋል ይላል። ወፍራም ጎን ሲታጠፍ የባሰ ነው የሚግለው። እንደዚህ ዓይነት ከሆነ ጎማሽ፣ ስቲከሩን ተይውና ከሻጩ የጎማውን የጭነትና የንፋስ ሠንጠረዥ ጠይቂ፣ ማንኛውም ደህና ፋብሪካ አለው።

ጎማሽ የሚልሽንም ስሚ። ጥርሱ መሃል ላይ ብቻ ካለቀ ንፋስ በዝቶበታል፣ የአንቺ 45ቱ ይሄንን ሳያደርግ አልቀረም። ግራና ቀኝ ትከሻው ካለቀ አንሶበታል። አንድ ጎኑ ብቻ ከሆነ ንፋስ አይደለም፣ አላይመንት ነው፣ ጋራዥ ሂጂ። ቶሎ ለማወቅ ከፈለግሽ ጠመኔ ውሰጂ። ጎማው ላይ ከዳር እስከ ዳር ወፍራም መስመር አስምሪ፣ ሜዳ አስፋልት ላይ ቀጥ ብለሽ መቶ ሜትር ያህል ንጂ፣ ወርደሽ እይው። ጠመኔው እኩል ከጠፋ ልክ ነው። መሃሉ ብቻ ከጠፋ አስተንፍሺ። ዳርና ዳሩ ብቻ ከጠፋ ጨምሪ።

በእግር መምታቱንም ተይው፣ ባይን ማየቱንም። የዛሬ ጎማ ልክ ሆኖም ከታች ትንሽ ሆዱ ወጣ ይላል፣ 22 ሆነ 30 ባይን አይለይም። የራስሽን መለኪያ ግዢ። ጎሚስታው ጋ ያለው ጌጅ ቀኑን ሙሉ መሬት ላይ ሲወረወር ይውላል፣ አስፋልት ላይ ይወድቃል፣ መኪና ይረግጠዋል፣ 3 እና 4 ፒኤስአይ ቢዋሽ አይገርምም። የአንቺ ጋቢና ውስጥ ያለው ትንሽ ቢሳሳትም ሁልጊዜ እኩል ነው የሚሳሳተው። ጥሩ ጎማ ምንም ሳይበሳ በወር 1 ፒኤስአይ አካባቢ ስለሚያጣ በየሁለት ሳምንቱ ጠዋት ማየት ይበቃል። ከአራቱ አንዱ ብቻ ቶሎ ቶሎ የሚቀንስ ከሆነ ምስማር ነው፣ ወይ ቫልቩ ነው፣ ወይ ቸርኬው ተጣሟል፤ በየቀኑ እየሞሉ ከመንዳት ማሳየት ነው።

ናይትሮጅን የሚሸጡልሽ ካሉ፣ ጉዳት የለውም። ግን የምንተነፍሰው አየር ራሱ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ብሩን ለመለኪያው አውዪው።

ስኮርታሽን፣ ትርፍ ጎማውን፣ መቼ ለካሽው? ከካሶኒው ሥር ተንጠልጥሎ ጭቃ ሲጠጣ የኖረውን ማለቴ ነው። እሱን ኋላ ከጫነ ቁጥርሽ ከፍ አድርገሽ፣ 38 ገደማ ሙዪው፤ የት ጋ እንደሚገባ ስለማይታወቅ። ፊት ከገባ ማስተንፈስ ይቻላል፣ ቱሉ ዲምቱን አልፈሽ ዱቄት ጭነሽ ቆመሽ መጨመር ግን አይቻልም። በዚያው ክሪኩ መኖሩንና የዳዶው መፍቻ ከዳዶሽ ጋር መግጠሙን እይ። እና ጎማው ጎን ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ ያለውን ጽሑፍ ሙሉውን ገልብጠሽ ላኪልኝ፤ የጭነት ጎማ ከሆነ ከላይ ያልኩሽ 29 እና 35 ይቀየራሉ።